ድልድዩን የጠየቅነው ዕለት

ውድ እትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። የጀመርሽው የእግረኞች ድልድይ ተከፈተ፤ ፈርሜ ያስከፈትኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ስትሄጂ የኮምፒውተር ሞዴሉ ለእኔ ተሰጠ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ ተቀይሜሽ ነበር፤ ሥራውን ሳይሆን እኔን ጥለሽ የሄድሽ መስሎኝ። ሞዴሉ ሰው ሲጎርፍበት ድልድዩ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ያሰላል። መልሱ «አያሰጋም» ነበር። አለቃችን ስክሪኑን አይተው ፈነጠዙ።

«አረንጓዴ ነው እኮ፤ ፈርሚና እንገላገል።»

«ሞዴሉ ያለውን ሰማን፤ ድልድዩን ግን አልጠየቅነውም» አልኳቸው።

«ድልድይ ደግሞ ይጠየቃል?»

«ሰው ካራመድንበት ይመልሳል።»

ድልድዩ ላይ የውዝዋዜ መለኪያ አሰርን፤ ሹፌሮቹን፣ ጸሐፊዋን፣ ማን ቀረ፣ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ አሰልፈን አሻገርን። ድልድዩ ሞዴሉ ካለው በእጥፍ ተወዛወዘ። ጸሐፊዋ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች! አለቃችን ላብ በላብ ሆኑ።

«ሞዴሉ ውስጥ አንዷን ቁጥር ትንሽ ነካ አድርጊያትና ከልኬቱ ጋር ይግጠም» አሉኝ በለሆሳስ።

«ዛሬ ይገጥማል፤ ነገ ያዋርደናል» ብዬ ወደ ድልድዩ ሥር ወረድኩ። በሞዴሉ ውስጥ የድልድዩ ጫፎች ንቅንቅ እንደማይሉ አድርገን ነበር የያዝናቸው፤ ለካ የተቀመጡበት ጎማ ይለጠጣል። ያንን አስተካከልኩ። ከዚያ ሰዎቹን ሁሉ በፍጥነት ልናራምድ ስንል፣ ገና ሳይጀምሩ ውዝዋዜው ከየት እስከ የት እንደሚሆን በሰው ፊት ተናገርኩ። «ከዚህ ከወጣ አልፈርምም!» የያዘኝ ጉጉት እንጂ ፍርሃት አልነበረም።

ውዝዋዜው ካልኩት ውስጥ አረፈ።

ያን ቀን ነው ሞዴሉን ያመንኩት። ውዝዋዜ የሚያበርደው መሣሪያ የት የት እንደሚገጠም ያሳየንም እሱ ነው። ተገጠመ፣ እንደገና ተለካ፣ ያለው ሆነ። አሁን ሳስበው እንኳን ሄድሽ እላለሁ፤ ብትኖሪ ከጀርባሽ ነበር የምቆመው።

«ለሩጫ ውድድርስ ይሆናል?» አሉኝ አለቃችን፣ ስፈርም።

«ለእሱ አልፈተንነውም፤ መልስ የለኝም።»

«እህትሽም እንዲሁ ግትር ነበረች» ብለው ሳቁ።

በተከፈተ ዕለት እማዬን ይዤ ሄድኩ። ሰው እየተጋፋ ሲያልፍ መሃሉ ላይ ቆማ እግሯን ተከለች፤ ይወዛወዛል ብላ ጠበቀች።

«ምነው፣ ምንም አይልም እንዴ?»

«ምንም አይልም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለችኝና ክንዴን ለቅቃ ብቻዋን ተሻገረች።

ናፍቆትሽ የጸናባት
ታናሽሽ