በድንጋዩ ፊት ያቋረጥኩት ንባብ

ሃርንሲል፣ ጥቅምት 28

ውድ የልጅነት ጓደኛዬ፣

ጉልበትሽ ዘንድሮ እንዴት አደረገሽ? በፋሲካው ካርድሽ ላይ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል ብለሽ ነበርና ሐሳብሽ አልተለየኝም። የልጅ ልጅሽስ በሰላም ተገላገለች? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጆሮዬ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ። የባሕሩ ነፋስ እንደምታውቂው ነው፤ መስኮቴን ሲደበድብ ይውላል።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የአሁኑን ግን ሳልጨርስ አልነሳም።

ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የመታሰቢያ ድንጋይ ተመረቀ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጠንቋይ ናችሁ ተብለው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ለተቃጠሉት ሰባት ሴቶች ነው። ፓስተሯ፣ ገና ወጣት ናት፣ ከድሮው የፍርድ መዝገብ አንድ ገጽ እንዳነብ ለመነችኝ። “አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ነዎት፤ ድምፅዎ ይሰማል” አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ገጹን አስቀድሜ አላየሁትም።

ለካ ምስክርነቱን የሰጠችው ትሪን የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ኖራለች። ከሰባቱ ሴቶች ስለ አንዷ፣ “ጌሼ ላማችንን ዳበሰቻት፤ በማግስቱ ወተቷ ደም ሆነ” ትላለች። ዳኛው “ይህን በይ ያለሽ ሰው አለ?” ብሎ ይጠይቃታል። “ማንም የለም” ትላለች። እዚያ ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ። ሰዉ የደከመኝ መስሎት ወንበር አመጣልኝ። አጠገቤ የቆመው ዳቦ ጋጋሪው “ወይ የድሮ ሰው! ላም ታመመች ብሎ ሰው ያቃጥላል እንዴ?” ብሎ ሳቀ። የገዛ አያቱ፣ እናትሽ በደጇ ስታልፍ ክፉዋ እንዳይገባ ብላ ደፉ ላይ መጥረጊያ ታጋድም እንደነበር ማን ይንገረው? እኔም አልነገርኩትም።

ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ላማችን የሞተችበትን በጋ ታስታውሺዋለሽ። እናቴ “ጤዛው ሳይደርቅ ወደ ለምለሙ ሣር እንዳትለቂያት” ብላኝ ነበር። እኔ ካንቺ ጋር ለመጫወት ቸኩዬ የበረቱን በር ሳልቀረቅር ሮጥኩ። ላሟ ወጥታ እስክትጠግብ በላች፤ እኩለ ቀን ላይ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ወደቀች። አባቴ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ መተት ይፈታል የሚሉትን ሰውዬ ከወዲያኛው መንደር አመጣው። ሰውዬው በረቱን ዞረና “ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ግቢያችሁ የገባ ማን ነው?” አለ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩ፤ ጠዋት ከላሟ ጋር የነበርኩት እኔ ነኛ።

“ወይዘሮ ዊብከ” አልኩ፤ እናትሽን። “ግንባሯን ዳብሳ፣ እንዴት ያለች ላም ናት! አለች” አልኩ።

እናትሽ ግቢያችንን አልረገጠችም። የሰፋችልኝን ቀሚስ በአጥሩ ላይ አሻግራ ሰጥታኝ፣ “ልክሽ ካልሆነ መልሰሽ አምጪው፣ የኔ ቆንጆ” ብላኝ ነው የሄደችው።

ከዚያ የሆነውን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። የሚሰፋ ልብስ የሚያመጣላት ጠፋ። ትምህርት ቤት “የጠንቋይ ልጅ” ሲሉሽ ከሦስት ልጆች ጋር ተናንቀሽ ከንፈርሽ ተሰነጠቀ። ያን ቀን “አንቺም ታምኚዋለሽ?” ብለሽ ጠየቅሽኝ። “እኔ ምን አውቄ” አልኩሽ።

አንድ ቀን እናትሽ ደጃችን መጣች። “ልጅቷን እስቲ ጠይቋት፤ ማንም አይቆጣትም፤ እውነቱን ትናገር ብቻ” አለች። አባቴ “ከደጄ ዞር በይ! ላሜን ጨርሰሽ ልጄን ልትጨምሪ ነው?” ብሎ ጮኸባት። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። እጄ እጀታው ላይ ነበር። አልከፈትኩም።

በኅዳር እናትሽ በመንደራችን ቦይ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ጭቃው አንሸራትቷት ነው ተባለ፤ አንቺም እስከ ዛሬ የምትዪው ይህንኑ ነው። እንደማንኛውም ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረች፤ አንቺንም አክስትሽ ወደ ብሬመን ወሰደችሽ።

ሰኞ ዕለት ሄጄ የላሟን ነገር ለፓስተሯ ነገርኳት። “ልጅ ነበሩኮ” አለችኝ። “ትሪንም ልጅ ነበረች” አልኳት። አንቺም “ልጅ ነበርሽ” አትበዪኝ። በአሥራ አንድ ዓመቴ ፈርቼ ዋሸሁ እንበል፤ በሠላሳ ዓመቴስ? በስድሳ ዓመቴስ? ይኸው ስንት የገና በዓል ሙሉ ካርድ ስልክልሽ ስለ አየሩ ነው የምጽፍልሽ።

ለፓስተሯም ያልነገርኳት አለ። እናትሽ በተገኘችበት ዕለት ጠዋት፣ ማንም ሳያገኛት፣ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በቦዩ ዳር አልፌ ነበር። ጫማዎቿ ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ማሰሪያቸው ተፈቷል፤ ካልሲዎቿም ተጣጥፈው ውስጣቸው ገብተዋል። ሰው ካየ ይጠይቃል፣ ከጠየቀ እኔ ዘንድ ይደርሳል ብዬ ሁለቱንም ወደ ውሃው ወረወርኳቸው።

የፊታችን እሑድ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ ተነስቼ ስለ ላሟ እናገራለሁ። ዳቦ ጋጋሪውም ይስማኝ። የጫማዎቹን ነገር ግን ካንቺ ፈቃድ ውጭ ከአፌ አይወጣም፤ እሱ ያንቺ ነው። ይቅር በዪኝ አልልሽም። መልስ ባትጽፊልኝም ይገባኛል።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። የልጅ ልጅሽን ሕፃን አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ። እናትሽን በብርሃን ያኑርልን፤ “ልን” ለማለት ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ።

የጎረቤትሽ ልጅ