ዱባና የጾም ድስት

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ

የዕለቱ ሂሳብ፦ ከአይከል ኑግ ስድስት ጭነት ገብቷል። የአዲ አርቃይ ማር አልመጣም፤ ማኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቷል ይላሉ። እታለም ሁለት ስኒ ውሃ ጠጥታለች። እህል፣ ምንም።

ታላቅ እህቴ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ። ንዳዱ ከለቀቃት ሰንብቷል፣ እህል ግን አልወርድ ብሏታል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ አያትና በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ንዳዱ ያልጨረሰውን ረሃቡ ይጨርሰዋል። የዶሮ ሾርባ ስጧት" አለኝ። ጾም ነው፣ አልኩት። የነፍስ አባቷን ለመንኳቸው፤ ለታመመ ይፈቀዳል ብለው ራሳቸው ነገሯት። ከወጡ በኋላ "እሳቸው ይብሉታ!" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ጎረቤቴ አያ ምትኩ በጣሊያን ጊዜ ለአንድ መኮንን ምግብ ያበስሉ ነበር። "ዱባ ቀቅለህ፣ አድቅቀህ፣ በጨርቅ አጥልለህ ስጣት። ቅቤም ሥጋም አይፈልግም" አሉኝ። ዱባን በወጥ እንጂ በሾርባ አላውቀውም። ነገ እሞክራለሁ።

ረቡዕ

ሱቁን ዘግቼ ማድቤት ገባሁ። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። እንጀራ ጋጋሪያችን ስታየኝ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ልጣጩ አልላቀቅ ብሎ አውራ ጣቴን ቆረጥኩ። ሾርባው ግን ሸጋ ወጣ፣ ለስላሳ።

እታለም ስኒው አፏ ሳይደርስ አሸተተችው።

"በምን ድስት ነው የሠራኸው?"

"በትልቁ።"

"በዶሮ ወጥ ድስት! ምነው አንተ፣ በፍስክ ድስት ልታስገድፈኝ ነው?"

የጾሙ ድስት እሷ በታመመች ሰሞን ተሰብሯል። የተካው የለም። ሾርባውን ለውሻው ደፋሁለት።

ሐሙስ

ወለቃ ሄጄ ከሸክላ ሠሪዋ አዲስ ድስት ገዛሁ። ዕቃ መምረጥ አያቅተኝም፤ በጣቴ አንኳኩቼ ድምፁ ጥርት ያለውን ወሰድኩ። "ሳያሟሹት እንዳይጥዱት" ብላኝ ነበር። የሴቶች ወግ መሰለኝ። ቸኩዬ ዱባውን ከተትኩና ጣድኩት። ድስቱ መጀመሪያ አላበው፣ ከዚያ ጧ አለ። ዱባዬ አመድ ውስጥ ቀረ።

"ምን ፈነዳ?" አለች ከአልጋዋ። ነገርኳት። ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ሳቋን ሰምቼ አላውቅም። ሳቁ ሳል ሆነባትና ፈራሁ።

"ኑግ እየሸጠ ድስት ማሟሸት የማያውቅ ነጋዴ! ሌላ አምጣ። እኔ ሳልነግርህ እንዳትነካው።"

ዓርብ

ደክሞኛል። ወገቤም፣ ዓይኔም ከጭሱ። ሌላ ድስት አመጣሁ። እታለምን ከነጋቢዋ አቅፌ ማድቤቱ በር ላይ አስቀመጥኳት። ቀላለች፤ ግማሽ ጭነት ኑግ አትመዝንም። ይህን አልነገርኳትም።

"ኑጉን ውቀጠው። ውስጡን ሁሉ ቀባ። ኧረ እሳቱን ቀንስ፣ አያ ችኩል!" አስወረደችኝ፣ አሳጠበችኝ፣ መልሳ አስጣደችኝ። ድስቱ አላላበውም።

ሾርባው ቢደርስም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀምስም ብላ ጠበቀች። ከዚያ በማንኪያ ጀመረች፤ ግማሽ ስኒ ወረደላት። "ጨው አንሶታል" አለች። ተመልሶ እንዳይወጣባት ፈርቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስካሁን አልወጣም። እንዴት እንደምታድር አላውቅም።

ልነሳ ስል ጠራችኝ። "ድስቱ ክዳን የለውም፤ አይጥ ይገባበታል።"

ነገ፦ ወለቃ፣ ለድስቱ ክዳን።