ከቦቴ ነዳጅ እስከ እበት ጋዝ፤ የአቶ በዛብህ ሀብተማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ በዛብህ ሀብተማርያም ከአባታቸው ከአቶ ሀብተማርያም ተክለማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገበያነሽ፣ በጎጃም ደጀን አካባቢ ኅዳር 12 ቀን 1923 ዓ.ም. ተወለዱ። በአጥቢያው ደብር ፊደል ቆጥረው፣ እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው አዲስ አበባ ገቡ፤ መንጃ ፈቃድም አወጡ። በ1951 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጥሩብርሃን ጉልላት ጋር ተጋብተው ኮልፌ ጎጆ ቀለሱ። ሦስት ልጆችም አፈሩ።

ለሃያ ሁለት ዓመታት በቦቴ መኪና ከአሰብ ነዳጅ አመላልሰዋል። አገር በሙሉ በአንድ መንገድ የሚመጣ ነዳጅ እየጠበቀች መኖሯ ያስጨንቃቸው ነበር። እሳቸው ቦቴ ሙሉ አምጥተው፣ ባለቤታቸው ለአንድ ጠርሙስ ነጭ ጋዝ 18 ማዞሪያ በሚባለው ሰፈር ሲሰለፉ ማየትማ አንገበገባቸው።

በ1973 ዓ.ም. በጀርባ ሕመም ምክንያት መንዳት ሲያቆሙ፣ በመንገዳቸው ላይ ከነበረ የእርሻ ጣቢያ በተማሩት መሠረት ግቢያቸው ውስጥ ጉድጓድ ቆፈሩ። የሁለት ላሞቻቸውን እበት በውኃ እየበጠበጡ ጨመሩበት፤ የሚወጣውን ጋዝ በቱቦ ማድቤት አስገቡት። ሰፈሩ ሳቀባቸው። ዕድሜ ልኩን በኩበት የበሰለ ወጥ ሲበላ የኖረ ሰው ሁሉ በእበት ጋዝ የፈላ ሻይ ተጸየፈ! ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ እህታቸው ወለተጻድቅም ሦስት ወር ሙሉ ከቤታቸው ምንም አልቀመስኩም። አፍራለሁ።

እሳቸው ግን አልተበገሩም። ይህ አሠራር በአገር ደረጃ ቢታቀድ ደኑም ይተርፋል፣ የነዳጅ ጥገኝነቱም ይቀንሳል ብለው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሰባት ማመልከቻ ጻፉ። የአገር ዕቅድ ከበረት አይጀምርም የሚል መልስ ተሰጣቸው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ቀበሌው ያለ ፈቃድ ነዳጅ ማምረት ክልክል ነው ብሎ ጉድጓዱ እንዲደፈን አዘዘ። እምቢ አሉ። አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። በተፈቱ ማግሥት ጉድጓዱን አሰፉት።

አቶ በዛብህ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን 1982 ዓ.ም. በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን አምሐን፣ ሙሉወርቅንና እሙን፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆችን ትተውልን ሄደዋል።

ትናንት አስከሬናቸው ገና ቤት ሳለ፣ ሰልስቱ እንዳለፈ ጉድጓዱን እንድንደፍን ከቀበሌ መልእክት ደርሶናል። የቀበሌው ሊቀመንበር እዚህ ከለቀስተኛው መካከል ስላሉ መልሳችንን በጆሯቸው ይስሙ። እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። ጉድጓዱን አንደፍንም። ከቀብር መልስ የሚቀርብላችሁ ንፍሮ የተቀቀለው በዚያ ጋዝ ነው፤ ሊቀመንበሩም ቤታችን ገብተው ይዝገኑ።