የአኮርዲዮኑ ታናሽ፦ የአቶ ሁቃ ዲዳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሁቃ ዲዳ ከአባታቸው ከአቶ ዲዳ ጎዳና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቃባሌ በ1951 ዓ.ም. በሜጋ ከተማ ተወለዱ። ከቤቱ ልጆች ሁሉ ዝምታ የማይሆንላቸው እሳቸው ነበሩ ይባላል፤ ያገኙትን ቆርቆሮ ያስጮኹ ነበር። ትምህርታቸውን እዚያው ሜጋ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ለምን እንዳልገፉበት ሲጠየቁ ጥፋቱን በሒሳብ ያሳብቡ ነበር፤ ሒሳብ ግን ቃሏን የሰጠችበት ጊዜ የለም።

በ1969 ዓ.ም. ወታደር ሆኑ። አለቆቻቸው የተኩስ ችሎታቸውን ካዩ በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሙዚቃ ክፍል አዛወሯቸው። እዚያም አኮርዲዮን ተማሩ፤ ደረታቸው ላይ አንግተውትም ከአንዱ ጦር ሰፈር ወደ ሌላው ሲዞሩ ወጣትነታቸውን ጨረሱ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከብዙ ሰው ጋር ወደ ሞያሌ ወረዱ። ድንበሩ ላይ የኬንያ ወታደሮች በስዋሂሊ የሚሉትን አንድ አስተርጓሚ በአማርኛ እየጮኸ ያስተላልፍ ነበር። «መሣሪያ የያዛችሁ ሁሉ መሣሪያችሁን እያስቀመጣችሁ እለፉ!» አለ። ጠመንጃ የያዘ ጠመንጃውን ጣለ። አቶ ሁቃ ተራቸው ሲደርስ አኮርዲዮናቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገውም ከጠመንጃው ክምር ላይ በክብር አስቀመጡት። በሙዚቃ ክፍል «መሣሪያህን ያዝ»፣ «መሣሪያህን ወልውል» ሲባሉ የኖሩ ሰው ነበሩና ሌላ ዓይነት መሣሪያ መኖሩ ትዝ አላላቸውም። ትንሽ አለፍ እንዳሉ ከኋላቸው የነበረው ሰው «አንተ ሰውዬ፣ የጦር መሣሪያ ነው'ኮ የተባለው!» አላቸው። ዞር ሲሉ ክምሩ በመኪና እየተጫነ ነበር፤ መመለስም አይቻልም።

እዚህ ላይ የሳቀ ለቀስተኛ አይወቀስም። እሳቸውም ሲያወሩት ይስቁ ነበር፤ ብቻ ሳቃቸው ወደ መጨረሻው ይቀጥን ነበር።

ጥቂት ጊዜ በስደተኞች ካምፕ ከቆዩ በኋላ በኬንያዋ ሞያሌ የጭነት መኪና ሸራ እየሰፉ መኖር ጀመሩ። የከተማው ሰው ባለሙያን በስዋሂሊ ፈንዲ ስለሚል፣ ለሹፌሮቹ ሁሉ «ፈንዲ ሁቃ» ሆኑ።

በ1988 ዓ.ም. ከዳበል መንደር ወተት እያመጡ ይሸጡ ከነበሩት ከወይዘሮ ጃለቱ ቦሩ ጋር ጋብቻ መሥርተው በሞያሌ ዳር ቡቲዬ ላይ ቤት ሠሩ። ሲተጫጩ አቶ ሁቃ «እኔ'ኮ አኮርዲዮን ተጫዋች ነኝ» ብለው ነበር። «የታል?» አሉ ወይዘሮ ጃለቱ። «ድንበር ላይ አስረከብኩት።» «እኔም ሺህ ግመል ነበረኝ፤ አስረከብኩት» ብለው ወተታቸውን መሸጥ ቀጠሉ። ቢሆንም አገቧቸው።

ልጆቻቸው ሀላቄና ሻሮን ተወልደው አደጉ፤ ወይዘሮ ጃለቱ ግን ባላቸው ሲጫወቱ አንድም ቀን አልሰሙም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ባሌ ሙዚቀኛ ነው፤ በአፉ» ይሉ ነበር። አቶ ሁቃ ሸራ ሲሰፉ የግራ እጃቸው ጣቶች ሸራው ላይ ወዲያ ወዲህ ይሄዱ ነበርና፣ ያላወቀ ቁንጫ የሚያሳድዱ ይመስለው ነበር። በዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት አንድ ነበር፤ ጃለቱ እንድትሰማቸው።

ሹፌር የሆነው ልጃቸው ሀላቄ ከናይሮቢ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኪቦርድ ገዝቶላቸው መጣ። አመሰገኑት፤ ነካ ነካ አደረጉትና «ልጄ፣ ይኼ'ኮ አይተነፍስም» ብለው በጨርቅ ሸፈኑት።

በ2013 ዓ.ም. ራሳቸው ሊሠሩ ተነሡ። ትልቁን አኮርዲዮን መሥራት ከአቅም በላይ ስለሆነ ታናሹን መረጡ፤ ባለ ስድስት ጎን ሆና በሁለት መዳፍ መካከል የምትገባ፣ ፈረንጆች ኮንሰርቲና የሚሏትን። ወናፏን ከጎረቤታቸው ከአቶ ጃቢር ሱቅ በተገኘ የሻይ ቅጠል ካርቶን አጣጠፉ፤ እጥፋቱን በግልገል ቆዳ ለበጡ። የሚጮኹትን ቀጫጭን የብረት ምላሶች የሸራ መለኪያ የብረት ሜትራቸውን እየቆረጡና እየሞረዱ አወጡ፤ ከዚያ በኋላ ሸራ የሚለኩት በክንድ ነበር። አቶ ጃቢር «ሁቃ ወንድሜ፣ ሬዲዮ ልስጥህና ሁላችንም እንረፍ» ቢሏቸውም አልሰሙም። መጀመሪያ ስትጮህ የሰፈሩ አህያ መለሰላት። ወይዘሮ ጃለቱም «ዘመድ ተገናኘ» አሉ። እሳቸው ግን ፈትተው እንደገና ሞረዱ፤ እንደገናም ገጠሙ።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፁ ሲስተካከል፣ ለአዲስ ዓመት ዕለት ለወይዘሮ ጃለቱ ሊጫወቱላቸው ቀጠሮ ያዙ። ከበዓሉ በፊት ግን ስትሮክ መታቸውና ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ኮንሰርቲና ደግሞ በአንድ እጅ አትሆንም። አቶ ሁቃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰነበቱ።

ኮንሰርቲናዋን ያነሷት ወይዘሮ ጃለቱ ናቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ግራ ጎኗን ያዙና «በል፣ አንተ ተጫን፤ እኔ ልሳብ» አሉ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። አንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲሳብ አንድ ድምፅ፣ ሲገፋ ሌላ ድምፅ ነውና የሚስበው ሰው ዜማውን ማወቅ አለበት። የመረጡት ዜማ የአቶ ሁቃ እናት ወይዘሮ ቃባሌ ሜጋ ላይ ጥጃ ሲያስሩ ያዜሙት የነበረው ነው። ወይዘሮ ጃለቱም ያውቁታል፤ ግን የዳበሉን። ከዚያ ወዲህ ቡቲዬ ሰላም አላገኘችም።

«ሳቢ ስልሽ ለምን ትገፊያለሽ?»

«እዚህ ጋ ይገፋል! ዳበል እንዲህ ነው የሚባለው።»

«የእናቴን ዜማ ለኔ ታስተምሪኛለሽ?»

«እናትህ ተሳስተው ቢሆንስ፣ የሀላቄ አባት?»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ከረሙ። ዜማው ሲወጣ ግማሹ የሜጋ፣ ግማሹ የዳበል ሆነ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቋረጥ ከዳር እስከ ዳር ዘለቁት። ወይዘሮ ጃለቱ እንባቸውን በትከሻቸው ጠረጉ፤ እጃቸው አልተለቀቀም ነበርና። «ለካ እውነትህን ነው» አሉ። አቶ ሁቃ «አንዴ ድገሚልኝ» ብለው ለመኑ። ወይዘሮ ጃለቱ ክንዳቸው ዝሎ ስለነበር «ነገ» አሏቸው። አቶ ሁቃም «እሺ፣ ነገ» ብለው ተኙ። ሊነጋ ሲል፣ ሚያዝያ 19 ቀን በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ሁቃ ዲዳ ባለትዳር፣ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ አባት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ያዘናችሁ ቤተሰቦች፣ የቡቲዬ ጎረቤቶችና ሸራቸውን ያሰፋችሁ ሹፌሮች ሁሉ ብርታት ይስጣችሁ።

እግዚአብሔር የአቶ ሁቃን ነፍስ ድካም በሌለበት ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ጃለቱም እጆች ያስብላቸው፤ ከትናንት ጀምሮ ለቅሶው መካከል ተቀምጠው ባዶ አየር ይስባሉ፣ ይገፋሉ፤ ከዜማው የሜጋው ግማሽ ጋ ሲደርሱም ቆም ብለው ይጠብቃሉ።