ፋንታዬ በነጻ ስላላገኘችው አክሲዮን

ለአልደርፖይንት የአክሲዮን ሒሳብ ድርጅት
የደንበኞች መዛግብት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ክረምት ከበጋ በሙዚቃ ሲያስተናግደን የቆየው የድርጅታችሁ ስልክም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኃይለ መስቀል እባላለሁ፤ ዕድሜዬን ሒሳብ በማስተማር አሳልፌ በጡረታ የምኖር፣ በሲያትል የቢከን ሂል ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ቸርነታችሁን ጎረቤቶቼም እንዲያውቁት ብዬ ነው፤ የምጽፈው ግን እያፈርኩ መሆኑን አልደብቅዎትም።

ባለቤቴ ፋንታዬ እዚሁ ሲያትል፣ ሶዶ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ የዕቃ መጋዘን ስትሠራ፣ ግብር ከተከፈለበት ደመወዟ እየተቆረጠ በዓመት ሁለት ጊዜ የአሠሪዋ አክሲዮን ይገዛላት ነበር። ባለፈው ዓመት የልጃችንን የማህደርን የነርስነት ትምህርት ለመክፈል ሸጥነው። ግብር ለማስታወቅ በላካችሁልን ወረቀት ላይ ታዲያ አክሲዮኑ የተገዛበት ዋጋ ዜሮ ተብሎ አገኘነው። የግዢው ዋጋ ዜሮ ከሆነ የተሸጠበት በሙሉ ትርፍ ይባላል፤ ትርፍ ከተባለ ደግሞ ግብሩ የማህደርን የመጀመሪያ ወሰነ ትምህርት ክፍያ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ዜሮው አመሰግናለሁ። ሒሳቡ ከቀድሞው ድርጅት ወደ እናንተ ሲዛወር የድሮዎቹ የግዢ መዛግብት አብረው እንዳልመጡ ሠራተኛዎ በትሕትና ነግራኛለች። ሳስተምር እኔም የተማሪ ወረቀት ጠፍቶብኝ ያውቃል። ያን ጊዜ ግን ዜሮ መስጠት እንደሚቻል ስላላወቅሁ፣ ልጁን ይቅርታ ጠይቄ እንደገና እፈትነው ነበር።

ሁለተኛ፦ የግዢዎቹን ቀናት ራሳችን ሞልተን እንድንመልስ ቅጽ ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ። ፋንታዬ ቀኖቹን አልረሳችም፤ ግዢዎቹ በሁለት በዓላት ሰሞን ይውሉ ስለነበር በቤታችን አንደኛው የግንቦት ልደታ፣ ሌላኛው የኅዳር ሚካኤል ይባላሉ። እኔም ቀኑንና ወሩን አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለስኩ፣ ደግሜም አረምኩ፤ ዓመቱን ግን በእኛው አቆጣጠር እንደነበረ ትቼ ላክሁት። ፋንታዬ ሲያትል የገባችው በፈረንጆች 2000 ዓ.ም. ነው፤ በእኔ ቅጽ መሠረት ግን የመጀመሪያውን አክሲዮን የገዛችው በ1996 ሆነ። ትክክለኛው 2003 ነበር። ድርጅታችሁ ስሕተቱን በመጠቆም አልደከመም፤ ማስረጃው ተቀባይነት የለውም ብሎ ጥያቄውን ዘጋው። ስሕተቱን ያየችው ማህደር ናት።

‹‹አባዬ፣ ሶ እማዬ አሜሪካ ሳትመጣ ነው እንዴ ሥራ የጀመረችው?›› አለችኝ እንደ ልማዷ እንግሊዝኛ ቀላቅላ።

የሰውን ልጆች ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ሲያርም የኖረ ሰው በገዛ ልጁ ፊት ምን እንደሚሰማው፣ በእርስዎ አይድረስ።

ሦስተኛ፦ እርማቱን ይዤ ስደውል፣ አንዴ የተዘጋ ጥያቄ እንደማይከፈት ሠራተኛዎ አስረዳችን፤ አንዳንድ ሠራተኞች አክሲዮን በስጦታ እንደሚያገኙም ጨምራ አስታወሰችን። ፋንታዬ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር፤ እንግሊዝኛው አልጠፋትም። ስልኩ ሲዘጋ ‹‹ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት በነጻ ነው የሰጡኝ?›› አለችና ጉልበቷን ይዛ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። መቁረጡ ይጠቅማል፣ ታገሺ እያልኩ ያስቀጠልኳት እኔ ነበርኩ። ለዚህኛው ምስጋና አላገኘሁለትም።

ከዚያ ወዲህ ዓመቶቹን አስተካክዬ፣ አክሲዮኑ በየግዢው ቀን ያወጣ የነበረውን ዋጋ አፈላልጌ፣ ከቀድሞ አሠሪዋ የደመወዝ ማስረጃ ጋር አመሳክሬ፣ ግብራችንን በእውነተኛው የግዢ ዋጋ አስታውቀናል። ከእናንተ የምለምነው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ በወረቀታችሁ ላይ ያለው ዜሮ ‹አናውቅም› ማለት እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩልን። ግብር ሰብሳቢው ባይጠይቀን እንኳ ለፋንታዬ አነብላታለሁ።

ከእንግዲህ ዓመቱንም ጭምር ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለመመለስ ቃል እየገባሁ፣ ለሰጣችሁኝ ትምህርት እጅ እየነሣሁ፣ በጡረታም ቢሆን እርማቴን ያላቋረጥኩ አክባሪዎ፣

መምህር ኃይለ መስቀል
ሲያትል

ማሳሰቢያ፦ ስላገኘሁት አገልግሎት ከዜሮ እስከ ዐሥር ነጥብ እንድሰጥ የላካችሁልኝ መጠይቅ ደርሶኛል። የሠራችሁትን ፈልጌ ስላጣሁት ዜሮ ልጽፍ ነበር፤ ፋንታዬ ጠፍቶባቸው ይሆናል ብላ ከለከለችኝ። ባዶውን መልሼዋለሁ።