ምድጃዋ ስለተነቀለባት ሳውናችን

ለኩሴላ ሐይቅ የፍሳሽ መስመር ልዩ ግብር ቀጠና
የቦርድ ሊቀመንበር ለክቡር አቶ ድዌይን ስትሮም

ክቡር ሆይ፤ እንደምን ሰንብተዋል? የሰሜን ሚሺጋን ብርድ ሳይደፍርዎ፣ በሞቀ ቢሮዎ እንደተደላደሉ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው። ውለታዎ ብዙ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩. የመስመሩ ወጪ በየመኖሪያ ቤቱ ሲደለደል፣ ጓሯችን ያለችውን ሳውና፣ ያችን የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሁለተኛ መኖሪያ ቤት ብለው ስለሾሙልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። የላኩት ወጣት መሐንዲስ ምድጃ አየ፣ ቧንቧ አየ፣ ሰው የሚጋደምበትን የእንጨት መደብ አየና "እዚህ ማነው የሚኖረው?" አለ። ባለቤቴ አርቮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ ሁላችንም አለን፣ ያውም ራቁታችንን!" ብሎ መለሰለት። ልጁ ሳይስቅ "ነዋሪ አለው" ብሎ ጻፈ። የአርቮ አያት ከፊንላንድ መጥተው ከሁሉ በፊት የሠሩት ያችን ሳውና ነው፤ አርቮ የተወለደው እዚያ ነው፣ እናቱም ስትሞት የታጠበችው እዚያ ነው። እንግዲህ መሐንዲሱ ጨርሶ ተሳስቷል ለማለት ይቸግረኛል።

፪. የመቃወሚያውን ስብሰባ አርቮ ሆስፒታል በተኛበት ሳምንት ስላደረጉልንም አመሰግናለሁ። ከዚያ ቢሮዎ ስሄድ ጸሐፊዎ፣ "እማማ ኢርያ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብዎት እኮ! በዕለቱ በቃል ወይም በጽሑፍ ያልተቃወመ ሰው በኋላ ቢጮህ ማን ይሰማዋል?" አለችኝ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ የሚደርሳችሁ ጎረቤቶቼ ሆይ፣ እናንተም ስሙ፤ ይህ ግብር በቤታችሁ ዋጋ ሳይሆን "አገኛችሁት" በሚባለው ጥቅም የሚጣል ነው፤ ካልተከፈለ ደግሞ ቤቱ ላይ ተጣብቆ ለወራሽ ይተርፋል። ቤት የምትገዙም፣ ከመፈረማችሁ በፊት እንዲህ ያለ ዕዳ እንዳለበት ጠይቁ።

፫. የሰጡን መፍትሔ ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ የሳውናዋን ምድጃ ነቅለን ፎቶ ብንልክ ሁለተኛው ቤት ይሰረዝልናል ተባለ። የአርቮ በሽታ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሕመሙ ትንሽ ጋብ የሚልለት በዚያ እንፋሎት ውስጥ ብቻ ነበር። "ተወው፣ እንደምንም እንከፍላለን" ብዬ ብለምነው፣ "ኢርያ፣ እኔ እሄዳለሁ፣ ዕዳው ካንቺ ጋር ይቀራል። ቤቱን እላይሽ ላይ ቢሸጡትስ?" አለኝ። ውኃ ሲፈስባቸው እንፋሎት የሚሰጡትን የምድጃውን ድንጋዮች እያረፈ እያረፈ ራሱ አወጣ፤ እኔን አላስነካኝም። ፎቶውን ያነሳሁት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲደርስ ወጥ ቤት ውኃ እያሞቅሁ በጨርቅ አጥበው ነበር። "ይበርደኛል" ይለኝ ነበር፤ ሌላ አንዳች አላማረረም። ሲሞት እንደ እናቱ ሳውናዋ ውስጥ ላጥበው አስቤ በሩን ብከፍት ቤቱ በረዶ ሆኗል፤ ስለዚህ የቀብር አስፈጻሚዎቹ ወሰዱት። ክቡር ሆይ፣ ልቤ ተሰብሯል። ይህን በአክብሮት ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ሁለተኛው ቤታችን "ነዋሪ የሌለው" ተብሎ መሰረዙን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ስለ ጥንቃቄዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ለቀጠናችን ጥቅም ሌት ተቀን ለሚደክሙት ለእርስዎና ለቦርድዎ ረጅም ዕድሜ፣ ጤናና የማይነቀል ምድጃ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ፤

ኢርያ ኮስኬላ
የአንድ ቤት ብቻ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ መንገዱን አስፋልት ለማልበስ ስለጠሩት አዲስ ስብሰባ የሚናገር ማስታወቂያ ትናንት በአርቮ ስም መጣ። በስብሰባው ያልተገኘ ባለንብረት እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል። አርቮ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስለተኛ መምጣት አይችልም። በሕይወቱ ለማንም በቀላሉ እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው ነበርና፣ እባክዎ ዝምታውን እሺታ አድርገው አይቁጠሩበት።