የማጀት ሙዚቃ ቤት የመጨረሻው ሸክላ

ዳንዲ፣ ማርች 3 ቀን 1991

ውድ እህቴ አይልሳ፣

ሰላምታዬ ዌሊንግተን ድረስ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ከጉንፋኑ ተሽሏታል፤ እኔን ሳትቆጣ አትውልም።

ማጀት ሙዚቃ ቤት ሊዘጋ ነው። ሸክላ የሚያትምልን ፋብሪካ ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ያቆማል። አሥራ ሦስት ዓመት በእናታችን ማጀት ያንን ፈጣንና ጯሂ የፓንክ ሙዚቃ ማሳተማችን ራሱ ይገርመኛል። የመጀመሪያዎቹን አምስት መቶ ሽፋኖች ገልብጠን አጣብቀን፣ ጽሑፉ ሁሉ ወደ ውስጥ ሆኖ ባዶ ነጭ ወረቀት ሸጥን። ሰዉ ሆን ብለን ያደረግነው መስሎት ተሻማበት።

ሕጋችንን አትረሺውም። ውል የለ፣ አለቃ የለ፤ ሽፋን ያጠፈ ሁሉ እጁን አንሥቶ ይወስናል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ስምንት ዓመት ዳር ዳር ብያለሁ። አንቺ የዘፈንሽበትን ካሴት ይታተም አይታተም ብለን ያዳመጥን ዕለት አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ስትመጪ “ሁሉም እምቢ አሉ” አልኩሽ። ዋሸሁሽ። እማዬ ይታተም ብላ ሙጫ የተለወሰ እጇን ከሁሉም ቀድማ አንሥታ ነበር። ድምፁ ሁለት ለሁለት ሆኖ ወሳኙ እኔ ብቻ ቀረሁ።

“ምነው ፈርጊ፣ እጅህ ከጠረጴዛው ጋር ተጣበቀ እንዴ?” አለችኝ።

“ዘፈኑ ቀርፋፋ ነው እማ፣ ፓንክ አይደለም።”

“ፓንክ ማለት ሰው የወደደውን መሥራት ነው ስትለኝ አልነበር? ለካ ፈቃድ የምትሰጠው አንተ ነህ።”

እንዲያም ሆኖ እጄን አላነሣሁም። ቀንቼብሽ ነው አይልሳ። ዘፈንሽ የእኔ ባንድ ከሠራው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ደግሞም ከታተመ ጥለሽን እንደምትሄጂ ገብቶኛል። ላስቀርሽ ብዬ ጭራሽ አባረርኩሽ። እማዬም እምቢ ያለችሽ መስሎሽ ይኸው አንድ ቀን ድምፅሽን አላሰማሻትም። እሷ ያልኩሽን አታውቅም። “ልጄን ምን በደልኳት?” እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔም ወሬ እቀይራለሁ።

ካሴቱ እኔ ጋ ነው። የመጨረሻው ሸክላችን እንዲሆን እመኛለሁ፤ ያላንቺ ፈቃድ ግን አላሳትመውም። እምቢ ካልሽ እልክልሻለሁ፣ ያንቺ ነው።

ለእኔ ባትመልሺልኝም ይገባኛል። ለእማዬ ግን ደውዪላት። ዓይኗ ደክሞ ደብዳቤ ማንበብ ትታለች፤ ጆሮዋ ግን ገና ደህና ነው።

ያለሽበት አገር ይመችሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

የበደለሽ ወንድምሽ፣
ፈርገስ